ልጁን ሳይነኩ የተጻፈ ውጤት ምርመራ አይባልም

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ አንዳንድ ባልደረቦቼንም ሊያስቀይም ይችላል። ቢሆንም ልጁ ቶሎ ቶሎ የሚወድቅበት ወላጅ፣ ማታ ማታ የዐይኑ ቆብ የሚወርድበት ታማሚ፣ «ነርቭ ነው» ተብሎ መርፌ ሲወጋ የከረመ ሰው ሁሉ እስከ መጨረሻው እንዲያነበው እለምናለሁ።

ከአንድ ታሪክ ልጀምር። ቤተሰቡ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር ግን ቀይሬያለሁ።

አንዲት እናት የ6 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። በእጇ ወፍራም ፌስታል አለ። ፌስታሉ ውስጥ ያለው የ2 ዓመት ከመንፈቅ ወረቀት ነው፦ የጉበት ምርመራ 8 ጊዜ፣ የሆድ አልትራሳውንድ 3 ጊዜ፣ የወገብ ኤም.አር.አይ 1 ጊዜ፣ የነርቭ ምርመራ 1 ጊዜ። «ዶክተር፣ ጉበቱ ነው ተብለን ነው የምንከታተለው። አሁን ደግሞ ደረጃ መውጣት እያቃተው ነው» አለችኝ።

ወረቀቱን ወደ ጎን አደረግሁና ልጁን «ና እስቲ የኔ ጌታ፣ መሬት ላይ ቁጭ በልና ተነስ» አልኩት። ቁጭ አለ። ሊነሳ ሲል መጀመሪያ በሆዱ ዞረ። ከዚያ በእጅና በእግሩ ቆመ። ቀጥሎ እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ከዚያም ጭኑ ላይ እየደገፈ፣ በገዛ እግሩ ላይ እንደሚወጣ ሰው ቀስ እያለ ተነሳ። ባቱን ስነካው እንደ ኳስ ተጫዋች ባት ትልቅና ጠንካራ ነው። ይህ ሁሉ 1 ደቂቃ አልፈጀም።

ይህን አነሳስ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጎወርስ እ.ኤ.አ. በ1879 ዓ.ም ገልጾታል። መብራት አይፈልግም፤ ማሽን አይፈልግም፤ አንድ ብር አያስከፍልም። በ2 ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ግን ያንን ልጅ መሬት ላይ አስቀምጦ «ተነስ» ያለው ሰው አልነበረም። ሁሉም ወረቀት አዘዘ፤ ሁሉም ወረቀት አነበበ።

ልጁ ዱሸን የሚባል የጡንቻ በሽታ አለበት። ጉበቱ ጤነኛ ነው።

የኔ ክርክር አጭር ነው። በነርቭና በጡንቻ ሕመሞች ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው ምርመራ በማጣት ብቻ አይደለም። የማያስፈልግ ምርመራ፣ በጥድፊያ የተሠራ ምርመራ፣ ታማሚውን ባላየ ሰው የተተረጎመ ምርመራም ይጎዳል። መጥፎ ምርመራ ከምንም አይሻልም፤ እንዲያውም ይብሳል። ምርመራ ያላገኘ ሰው መፈለጉን ይቀጥላል። የተሳሳተ ወረቀት የያዘ ሰው ግን «አውቄዋለሁ» ብሎ ያቆማል።

«ጉበት» የተባለው ምን ነበር?

የጉበት ምርመራ ተብለው የሚታዘዙት ኤስ.ጂ.ኦ.ቲ እና ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ በጉበት ውስጥ ብቻ የሚገኙ አይደሉም። በጡንቻ ውስጥም አሉ። ጡንቻ ሲፈርስ ወደ ደም ይፈስሳሉ፤ ቁጥራቸውም ይጨምራል። ስለዚህ ዐይኑ ቢጫ ያልሆነ፣ ደህና የሚበላ፣ ነገር ግን የሚወድቅና ከእኩዮቹ ጋር መሮጥ ያቃተው ልጅ እነዚህ ቁጥሮች ከፍ ካሉበት ሊታዘዝ የሚገባው ምርመራ ሲ.ፒ.ኬ ነው። ቀላል የደም ምርመራ ነው። በዱሸን ልጆች ከመደበኛው ከ10 እጥፍ በላይ ይሆናል፤ 50 እና 100 እጥፍ መድረሱም የተለመደ ነው። ከፍ ማለት የሚጀምረውም ከልደት ጀምሮ ነው። ጂ.ጂ.ቲ የሚባለው ሌላ የጉበት ምርመራ ደግሞ በጡንቻ በሽታ አይጨምርም፤ ስለዚህ ሁለቱን ለመለየት ይረዳል።

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፦ ጡንቻ ላይ የተወጋ መርፌም ሆነ ከባድ ስፖርት ሲ.ፒ.ኬን መጠነኛ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ጥቂት ከፍ ስላለ አትደንግጡ። በሺህዎች ሲሆን ግን «እንጠብቅና እናያለን» የሚባል ነገር የለም።

«ነርቭ ነው» የሚባለው በሽታ

በአገራችን «ነርቭ» ያልተባለ ሕመም የለም። እጅ ደነዘዘ፣ ነርቭ ነው። ወገብ አመመ፣ ነርቭ ነው። ልጅ ወደቀ፣ ነርቭ ነው። ከዚያ ቀይ መርፌ ይታዘዛል፤ ቀይ ስለሆነ ደግሞ ኃይል ያለው ይመስላል።

የቫይታሚን ቢ12 እጥረት እውነተኛ በሽታ ነው። ያለበት ሰው መርፌውን መውሰድ አለበት፤ ይጠቅመዋልም። ነገር ግን ቫይታሚን ቢ ዱሸንን አያድንም፤ ማያስቴንያን አያድንም፤ ጊላን ባሬን አያድንም። ቫይታሚን ቢ6 ደግሞ በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል፦ «የነርቭ መድኃኒት» ተብሎ ያለ ልክ የሚወሰደው ነገር ነርቭ ሊያደነዝዝ ይችላል።

የእኔ ትልቁ ቅሬታ ግን በመርፌው ላይ አይደለም። መርፌው ጊዜ ይበላል። ሰው 10 መርፌ እስኪጨርስ ይጠብቃል፣ ከዚያ ሌላ 10። በዚህ መሐል ጡንቻው ይሄዳል።

የነርቭና የጡንቻ ኤሌክትሪክ ምርመራ፦ ማሽኑ አይዋሽም፣ አሠራሩ ግን ይዋሻል

ብዙዎቻችሁ ኢ.ኤም.ጂ ሲባል ሰምታችኋል። ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ቆዳ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት በመስጠት ነርቭ በምን ፍጥነትና በምን ጉልበት መልእክት እንደሚያስተላልፍ መለካት ነው። ሁለተኛው ቀጭን መርፌ ጡንቻ ውስጥ አስገብቶ የጡንቻውን ኤሌክትሪክ ማዳመጥ ነው። በአገራችን ይህ የሚሠራባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ወረፋው ረጅም ነው፤ ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ሰው ለትራንስፖርትና ለማደሪያ ያወጣው ሲደመር ብዙ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሲሠራ በትክክል መሠራት አለበት።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ሐምሌ ላይ ነበር። ዝናብ ሲደበድባቸው የመጡ አንድ አባት ነበሩ። የነርቭ ምርመራቸው «የእጅና የእግር ነርቮች በሙሉ ተጎድተዋል» ይላል። እኔም የመጨረሻውን መስመር ብቻ አንብቤ መድኃኒት ጻፍኩላቸው። ወራት ካለፉ በኋላ ምርመራው እጃቸውና እግራቸው ሞቆ ሲደገም መደበኛ ሆነ። በሽታቸው ሌላ ነበር። መጀመሪያውኑ ሪፖርቱ ላይ የሙቀት መጠን አልተጻፈም ነበር፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ለምን ይህ ይሆናል? ነርቭ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል። የሰውነት ክፍሉ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀዘቅዝ የነርቩ ፍጥነት በሰከንድ ከ1.5 እስከ 2.5 ሜትር ያህል ይቀንሳል። በቀዝቃዛ ጠዋት በበረዶ እጅ የተሠራ ምርመራ ጤነኛውን ሰው በሽተኛ ያስመስለዋል። የእጅ ቆዳ ቢያንስ 32 ዲግሪ፣ የእግር ደግሞ 30 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። ካልሆነ በሞቀ ውሃ ወይም በብርድ ልብስ ይሞቃል፤ ይኸው ነው መፍትሔው።

ብርዱ በሌላ በኩልም ያታልላል። ማያስቴንያ ላይ ቀዝቃዛ ጡንቻ የተሻለ ስለሚሠራ በሽታው ይደበቅና ውጤቱ «መደበኛ» ይሆናል። ታማሚው ፒሪዶስቲግሚን ወስዶ ከተመረመረም እንዲሁ ሊደበቅ ይችላል። ስለዚህ የሚከታተለው ሐኪም «ለጥቂት ሰዓታት ማቆም ይቻላል» ካለ ከምርመራው በፊት ክኒኑ ይቆማል። በራሳችሁ ፈቃድ ግን በፍጹም አታቁሙ።

ሕፃናት ላይ ደግሞ ሌላ ስሕተት አለ። አዲስ የተወለደ ልጅ ነርቭ ፍጥነቱ የአዋቂውን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ወደ አዋቂ መጠን የሚደርሰው ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። የ8 ወር ሕፃንን በአዋቂ መለኪያ መዝኖ «ነርቩ ተጎድቷል» ማለት ሕፃኑን ከአባቱ ጋር ሩጫ አሰልፎ «ተሸነፈ» እንደማለት ነው።

ሌላው ደግሞ ግማሽ ምርመራ ነው። የቆዳውን ክፍል ብቻ ሠርተው መርፌውን ሳይሠሩ «ጡንቻው ጤነኛ ነው» ብለው የሚጽፉ አሉ። የጡንቻ በሽታ ላይ የቆዳው ምርመራ ብዙ ጊዜ መደበኛ ይሆናል! መርፌውን መሥራትና መተርጎም ያለበት ደግሞ በዚህ ሙያ የሠለጠነ ሐኪም ነው፤ በመርፌው ጊዜ ቀጥሎ የትኛው ጡንቻ እንደሚታይ የሚወሰነው እዚያው ታማሚው ፊት ነው። ይህ ምርመራ የአካል ምርመራ ተቀጥላ ነው። ታማሚውን ሳይጠይቅ፣ ጉልበቱን ሳይፈትሽ፣ እንደ ኤክስሬይ አንስቶ የሚለቅ ሰው ኢ.ኤም.ጂ ሠራ አይባልም።

«መደበኛ ነው» የሚል ወረቀት ሁልጊዜ «ጤነኛ ነህ» ማለት አይደለም

ጊላን ባሬ የሚባለው ሕመም ብዙ ጊዜ ከተቅማጥ ወይም ከጉንፋን በኋላ ይመጣል። ድካሙ ከእግር ጀምሮ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት የነርቭ ምርመራውም፣ ከጀርባ የሚቀዳው ፈሳሽም መደበኛ ሊሆን ይችላል። በዚህ ወረቀት ተማምኖ ወደ ቤቱ የተላከ ሰው ሌሊት ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል፤ ከ10 ታማሚዎች 2 ወይም 3ቱ የመተንፈሻ ማሽን ያስፈልጋቸዋል። እግሩ እየደከመ የመጣ ሰው ድምፁ ከሳሳ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ጋደም ሲል ትንፋሽ ካጠረው ምርመራ አትጠብቁ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ከልፈሰፈሰ ደግሞ ለፖሊዮ ቁጥጥር ሪፖርት መደረግና የሰገራ ናሙና መሰጠት አለበት። ይህን ጠይቁ።

ማያስቴንያም እንዲሁ ነው። ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ማታ ዐይኑ ቆብ ይወርዳል፤ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል፤ እራቱን ሲያላምጥ መንጋጋው ይዝላል። የደም ምርመራው ግን በሽታው ዐይን ላይ ብቻ ሲሆን በግማሾቹ ታማሚዎች ላይ ምንም አያሳይም።

የዘረ-መል ምርመራም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ለዱሸን በመጀመሪያ የሚሠራው ምርመራ የሚያገኘው ከ10 ልጆች የ7 ወይም የ8ቱን ለውጥ ነው። ምልክቱ ያለው ልጅ በዚህ ምርመራ «የለበትም» ቢባል ጉዳዩ አልተዘጋም፤ ዘረ-መሉ በሙሉ የሚነበብበት ሁለተኛ ደረጃ ምርመራ አለ። ናሙናውን ወደ ውጭ አገር ከመላካችሁ በፊት የትኛው ምርመራ እንደሆነ ጠይቁ።

«መድኃኒት የለውም፣ ማወቁ ምን ይጠቅማል?»

በጣም የሚያናድደኝ አባባል ይህ ነው። ከጎረቤት ብቻ አይደለም፤ ነጭ ጋዋን ከለበሰ ሰውም ሰምቼዋለሁ። አንድ በአንድ ልመልስ።

ማያስቴንያ መድኃኒት አለው። በአግባቡ ከታከመ ብዙ ሰው ሥራውን ይሠራል፣ ልጁን ያሳድጋል። ጊላን ባሬም ሕክምና አለው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ሲጀመር ይበልጥ ይጠቅማል። ማያስቴንያ ያለበት ሰው ግን ስሙን ካላወቀ ለሌላ ሕመም ጄንታማይሲን ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን ይታዘዝለትና ድካሙ ሊብስበት፣ ትንፋሹ ሊቆምም ይችላል።

ዱሸን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለውም፤ ይህን አልደብቃችሁም። ነገር ግን ስቴሮይድ በጊዜው ሲጀመር ልጁ በእግሩ የሚሄድበትን ዘመን ያራዝማል። ልብ ቀድሞ ሲታይና መድኃኒት ሲጀመርለት ዕድሜ ይጨምራል። የቁርጭምጭሚት ማሳሳብ በቤት ውስጥ በእናት እጅ የሚሠራ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማደንዘዣ አለ። ዱሸን ያለበት ልጅ ለቶንሲል ወይም ለሌላ ቀዶ ሕክምና ገብቶ ሰክሲኒልኮሊን የሚባለው መድኃኒት ቢሰጠው ልቡ ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛው ላይ ሊቆም ይችላል። የበሽታውን ስም ማወቅ ምን እንደሚጠቅም ያ እናት ታውቀዋለች።

ኤስ.ኤም.ኤ በሚባለው የሕፃናት የነርቭ በሽታ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በአሜሪካ ሕክምናዎች ጸድቀዋል። ዋጋቸው ለአብዛኞቻችን የሰማይ ያህል ሩቅ መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም የዘረ-መል ውጤት በእጁ የሌለው ልጅ ዕድል ሲመጣ እንኳን ሰልፍ ውስጥ አይገባም። ለሕክምና ቤት ለመሸጥ ወይም ገንዘብ ለማሰባሰብ የምታስቡ ሁሉ፣ እባካችሁ መጀመሪያ የበሽታው ስም በትክክል ይታወቅ።

እናትን አትክሰሱ

ዱሸን ከእናት ሊተላለፍ ይችላል፤ ነገር ግን ከ3 ልጆች በአንዱ ያህል ለውጡ አዲስ ነው፣ እናቲቱ ላይ የለም። ተሸካሚ ብትሆንም ጥፋት አይደለም፤ ማንም ዘረ-መሉን መርጦ አልተወለደም። ኤስ.ኤም.ኤ ደግሞ ከአባትም ከእናትም እኩል ነው የሚመጣው፤ ሰባት ቤት ቆጥረው የተጋቡ ሁለት ጤነኛ ሰዎች ተሸካሚ ሆነው ሊገናኙ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት ትዳር ሲፈርስ አይቻለሁ። ትክክለኛ ምርመራ ይህንንም ያድናል፦ ማን ተሸካሚ እንደሆነ፣ ለሚቀጥለው እርግዝናና ለእህቶቹ ምን ማለት እንደሆነ ይነግራችኋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ!

ጠበል የምትሄዱ፣ ጸሎት የምታደርጉ ሂዱ፣ አድርጉ። ስቴሮይድ እየወሰደ ያለ ልጅ ግን መድኃኒቱ በድንገት ቢቋረጥ ለሕይወቱ ያሰጋል። ሁለቱን አታጋጩ።

«ዶክተር፣ ያንተ ነገር ቀላል ነው» የምትሉኝ ባልደረቦቼ

በቀን 80 ሰው የሚያይ ሐኪም ልጅ መሬት ላይ የሚያስቀምጥበት ጊዜ የለውም ትሉኛላችሁ። ጫናውን አውቀዋለሁ፤ እኔም ውስጡ ነኝ። ነገር ግን 8 ጊዜ የጉበት ምርመራ ለማዘዝና ለማንበብ የጠፋው ጊዜ ከ1 ደቂቃ ይበልጣል። ማሽን ጥቂት ነው፣ ባለሙያ ጥቂት ነው፤ እውነት ነው። ጥቂት ስለሆነ ነው ያለችውን በጥንቃቄ መጠቀም ያለብን። ቴርሞሜትርና ብርድ ልብስ ደግሞ ከውጭ ምንዛሪ ጋር አይገናኙም።

ወላጆችና ታማሚዎች፣ እነዚህን ጠይቁ

1. «ይህ ምርመራ የታዘዘው ምን ለማወቅ ነው? ውጤቱ ሕክምናውን ይቀይረዋል?»

2. «ሲ.ፒ.ኬ ታይቷል?» ደሙ የሚቀዳው ከመርፌው ኢ.ኤም.ጂ በፊት ይሁን።

3. «እጄ ቀዝቅዟል፤ ሊሞቅ ይችላል?» ይህን ለማለት አትፈሩ። ለልጅ ብርድ ልብስና ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ።

4. «መርፌውን የሚሠራው ማነው? በልጆች ላይ ይሠራል?»

5. «ሪፖርቱ ላይ ቁጥሮቹ፣ ግራፉና የሙቀት መጠኑ አብረው ይሰጡኝ።» አንድ መስመር ድምዳሜ ብቻ የያዘ ወረቀት ለሚቀጥለው ሐኪም አይጠቅምም።

6. «ውጤቱ ከሕመሜ ጋር ካልተስማማ ምን እናደርጋለን?» መልሱ «ወረቀቱን ማመን ነው» ከሆነ ሌላ ሐኪም ፈልጉ።

ደግሞ ስልካችሁን ተጠቀሙበት። ልጃችሁ ከመሬት ሲነሳ፣ ደረጃ ሲወጣ፣ ሲሮጥ ቅረጹት። ዐይናችሁ ማታ ሲወርድ ፎቶ አንሱ። 20 ሰከንድ ቪዲዮ ከአንድ ፌስታል ወረቀት የበለጠ የሚናገርበት ቀን አለ።

እንዲህ ስትጠይቁ የሚቆጣችሁ ሐኪም ሊኖር ይችላል። በትሕትና ደግማችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ገንዘቡም የእናንተ ነው፣ ልጁም የእናንተ ነው።

ያ ልጅ አሁን ስቴሮይድ ጀምሯል፣ ልቡም በየዓመቱ ይታያል። እናቱ የበሽታውን ስምና «ሰክሲኒልኮሊን አይሰጠው» የሚለውን ጽፋ ከመታወቂያዋ ጋር ትይዘዋለች። የጠፋውን 2 ዓመት ከመንፈቅ ግን ማናችንም መመለስ አንችልም።

ዛሬ ማታ ልጃችሁን መሬት ላይ አስቀምጡና «ተነስ» በሉት። ቀጥ ብሎ ዘሎ ከተነሳ ሳሙት። እጁን ጭኑ ላይ እየደገፈ ከተነሳ ደግሞ ቪዲዮ ቀርጻችሁ በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ለሌሎች ወላጆች እንዲደርስ ሼር አድርጉት።